አማቼ የሰጡኝ ጋቢ

ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ብዙው ጎረቤት ልጁን አዝሎ ወደ ውርጌሳ ወጣ። እኔ መራመድ ለማይችሉት ለአማቼ ስል ከሕፃን ልጄ ጋር ቀረሁ። አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሰጡኝና «ለልጅሽ አልብሻት፤ እኔ ከእንግዲህ አይበርደኝም» አሉኝ። ደነገጥኩ። ፈራ ተባ እያልኩ «አባባ፣ ራስዎን ሊያጠፉ አስበው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መሬት መሬቱን እያዩ «እኔ ባልኖር እኮ ትሄጂ ነበር» አሉ።

ከአጠገባቸው ሳልርቅ፣ እንደኛው የቀሩትን ጎረቤታችንን እማማ ዘይነባን ተጣራሁ። ነገሩን ስነግራቸው ከአማቼ ጎን ቁጭ አሉና «አንቱ ሰውዬ፣ ሁሉም ሄዶ አንቱም ጥለውኝ ሊሄዱ ነው? ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?» አሏቸው። አማቼ ፈገግ ሊሉ ሲሞክሩ እንባቸው ቀደማቸው።

ቆይተው እማማ ዘይነባ ወደ በሩ ሳብ አድርገውኝ «አንቺስ?» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት ማንም አልጠየቀኝም። «እኔም እሳቸው ባይኖሩ ብዬ አስቤ አውቃለሁ» አልኩና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። «አብሽሪ ልጄ፣ ደክሞሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በተራ አብረናቸው እንቀመጣለን» አሉኝ።

ወደ ማምሻው ላይ አማቼ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ በረደኝ» አሉ። ጋቢውን አምጥቼ አለበስኳቸው። የሰው መብረድ እንደዚያን ቀን አስደስቶኝም አስለቅሶኝም አያውቅም።