ውሃ የማታፈስ ብስክሌት

በእኛ ጊዜ ከማል፣ ብስክሌት እንዲህ እንዳንተ በስልክ ሥዕሉን እያገላበጡ አይመረጥም፤ ሱቅ ድረስ ተሂዶ፣ ዙሪያው ተዙሮ፣ እንደ ከብት ተዳብሶ ነው። ለከተማ የምትመች፣ ለሥራ መመላለሻ የምትሆን፣ ወገብ የማትቆርጥ ብስክሌት የትኛዋ ናት ብለህ ጠየቅኸኝ። ከኮምቦልቻ ሰው ሁሉ መርጠህ እኔን ጠየቅኸኝ! ወይ ጉድ። እሺ ልንገርህ፣ ግን ስትሰማ አንተም ታዝናለህ፣ እኔም ስነግርህ ይቆጨኛል፣ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም የምንጠቀመው ነገር የለም።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነኝ፣ ማሽን ሲቆም ፈትቼ የምገጥም። ሚስቴ ዘሃራም እዚያው ፈትል ክፍል ናት፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል። ቤታችን ከከተማው በዚህ ጫፍ፣ ፋብሪካው በዚያ ጫፍ ነው፤ በእግር ነው የምንመላለስ። ታዲያ ዘሃራ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ሁለት ጊዜ! ድምፄን ዝቅ ላድርግ፣ ጓዳ ናት፣ ይሄን ጨዋታ እሷ ፊት አልጫወተውም። ሦስተኛው ሲመጣ የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ጠራችኝና «ስማ፣ ይሄን መንገድ በእግሯ እየተመላለሰች ይሄኛውም አይቆይላችሁም፤ መንገጫገጭም የለባትም» አለችኝ። ሥራውን ለምን አልተወችውም ትለኝ ይሆናል። ትታው በምን ልንኖር? እና ብስክሌት እንግዛ፣ ከኋላ አስቀምጬ ላመላልሳት አልኩ። ምቹ ብስክሌት። ያኔ የእኔ ሀሳብ፣ የእኔ ዱኣ ሁሉ ይችው ናት፣ ያ ልጅ እንዲቆይልን።

አባቷ ጋሽ ሙሄ ቢስቲማ ነው የሚኖሩት፣ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። በዚያ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው ጋሽ ሙሄ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ሳያሳርፉ አይገዛም። ታዲያ ልጃቸው የምትቀመጥበትን ነገር እኔ አማቹ ብቻዬን ልመርጥ? አይሆንም፣ ነውር ነው። ላክሁባቸው፣ መጡ፣ ኩታቸውን አጣፍተው ዱላቸውን ይዘው መጡ፣ እና ደሴ ወጣን፣ ፒያሳ፣ ከአንድ ብስክሌት ሻጭ ዘንድ።

ሦስት ብስክሌት አወጣልን። አንደኛዋ ኮርሳ ናት፣ ጎማዋ የቀጠነ፣ መሪዋ ወደ ታች የተቆለመመ። ጋሽ ሙሄ ባለሱቁ ሲቀመጥባት አዩና «ይቺማ ሰውን ሱጁድ ታስወርዳለች እንጂ አታስቀምጥም፣ መልስ!» አሉ። መለሰ። ሁለተኛዋ ማርሽ ያላት ናት፣ አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ሲነዳት ቆይቶ አገሩ ሲገባ የሸጣት። ሦስተኛዋ ጥቁር ናት፣ ከባድ፣ መቀመጫዋ ሰፊ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው፣ መሪዋ ከፍ ያለ፣ የኋላ መጫኛዋ አልጋ የሚያህል። ቀና ብለህ ተቀምጠህ ሰው ሰላም እያልክ የምትሄድባት ዓይነት።

ታዲያ ጋሽ ሙሄ መቀመጫውን በመዳፋቸው ተጫኑት፣ ጎማውን ተጫኑት፣ ጎንበስ ብለው ከኋላ አዩዋት፣ ከፊት አዩዋት፣ እና «ውሃ አምጡ!» አሉ።

«ጠማዎት አባባ?» አለ ባለሱቁ።

«አልጠማኝም። በብርጭቆ ሙሉ ውሃ አምጣ።»

እኔ ገብቶኛል። በቅሎ ሰጋር መሆኗ እንዲህ ነው የሚታወቀው፤ ጋላቢው በአንድ እጁ ልጓም፣ በአንድ እጁ ሙሉ ዋንጫ ይዞ ይሄዳል፣ ጠብ ካላለ ሰጋር ናት፣ ነፍሰ ጡርም ሽማግሌም ይቀመጥባታል። ከጎን ካለው ሻይ ቤት ብርጭቆ መጣ። ባለሱቁ ብርጭቆውን አየ፣ ብስክሌቱን አየ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ በቅሎ አይደለም!» አለ።

«እኔስ መች በቅሎ ነው አልኩህ? ውሃውን ይዘህ ንዳት ነው ያልኩህ።»

የፒያሳ ሰው ተሰበሰበ፣ ሻይ ቤት ያለው ሁሉ ወጣ፣ ይስቃል። ባለሱቁ በጥቁሯ ላይ ወጣ፣ በግራ እጁ መሪ በቀኝ እጁ ውሃ፣ እየቀዘፈ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ወላሂ ጠብ አላለም! «አጃኢብ!» አለ ሰዉ፣ አጨበጨበ። ጋሽ ሙሄ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና «ሰጋር!» አሉ።

ቀጥሎ ማርሿን አመጣት። ሜዳው ላይ ደህና ሄደ፣ ከዚያ ችሎታዋን ላሳያችሁ ብሎ ዳገቱን ያዘ። የደሴን ዳገት ታውቀዋለህ፣ በባዶ እጅ እንኳ ነፍስ የሚያወጣ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ብርጭቆውን በያዘበት እጅ ማርሹን ቀጭ! አደረገ፣ ብስክሌቷ ነጠር አለች፣ ውሃው ደረቱ ላይ። ሰዉ ሳቀ። ግን ሰውዬው ቀጠለ ከማል፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ትንፋሹ ሳይቆረጥ፣ እግሩን ብቻ ቶሎ ቶሎ እያዞረ ዳገቱን ወጣ። አየሁት። በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት። ከላይ ሆኖ «አቀበት ላይ ታቀላለች!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ሙሄ ግን የሚያዩት እርጥብ ሸሚዙን ነው። «እርምጃ ትቀያይራለች» አሉ። «እርምጃ የምትቀያይር ነገር አትታመንም። ልጄን እዚህ ላይ አላስቀምጥም።» እና ወደኔ ዞሩ፣ «ይማም፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ጠየቁኝ እኮ። ስማኝ ከማል፣ ጠየቁኝ። እኔ ማርሽ ማለት የዕለት እንጀራዬ ነው፣ ትልቁና ትንሹ ጥርስ ሲቀያየር ክብደቱ እንዴት እንደሚቀል ከእኔ በላይ በዚያ ሰፈር የሚያውቅ የለም። የቀጭታዋ ነገር ደግሞ ሽቦዋ ላልቶ ነው፣ በአንድ ብሎን ጠበቅ ቢያደርጓት የምትድን፣ እሱንም አውቄዋለሁ። ግን ሰዉ ተሰብስቧል፣ እሳቸው ሰጋር ብለው ፈርደዋል፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አማቴ ናቸው፣ በቅሎ ያስመረጣቸው ስንት ባላባት ነው። ፒያሳ መሐል አቁሜ ተሳስተዋል ልበላቸው? «እርስዎ ያሉት ነው አባባ» አልኩ። ለራሴም ሰበብ ሰጠሁት፤ እኛ ኮምቦልቻ ነን፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ምን ዳገት አለብን አልኩ። ምጥ ቢጠና የሚኬደው ደሴ ሆስፒታል፣ ያውም አቀበቱን ወጥቶ መሆኑን ረሳሁት? አልረሳሁትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

እና ጥቁሯን ይዘን ወረድን።

ምቹ ነበረች፣ ልዋሽህ አልችልም። ከኋላ ጋቢ አጥፌ አነጥፋለሁ፣ ዘሃራ ወደ ጎን ትቀመጣለች፣ በአንድ እጇ ወገቤን በአንድ እጇ ሻሿን ትይዛለች፣ እና እንሄዳለን። መጀመሪያ ሰው ሳቀብን። «ይማም ሙሽራ ጫነ!» ይሉኛል የፋብሪካው በር ላይ። በኋላ ለመዱን። አራተኛው ወር ሞላ፣ አምስተኛው ሞላ። ከዚህ በፊት ከአራት አልፎ አያውቅም ነበር። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። ዘሃራ ከኋላዬ ሆና ትነግረኛለች፣ «አሁን ተገላበጠ፣ አሁን ረገጠኝ»። ጋሽ ሙሄ ለገበያ ሲወርዱ እየመጡ ብስክሌቷን ዳበስ አድርገው ይሄዳሉ፣ የመረቋት በቅሎ ናት የምትመስላቸው። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የኖርኩት እነዚያን ወራት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መቁጠር ብቻ ነው።

ስምንተኛው ወር ላይ፣ ረፋድ ነው፣ ማሽን ሥር ተኝቼ ስፈታ አንዷ ሴት እየሮጠች መጣች። «ይማም! ዘሃራ ደም!» አለች። ብድግ አልኩ። ክሊኒኩ አስተኝተዋታል፣ ነርሷ ፊቷ ጠቁሯል፣ «ደሴ አድርሳት፣ አሁኑኑ፣ ቀዶ ጥገና ነው» አለችኝ። በምን ላድርሳት? ያን ሰሞን ሰሜን ጦርነት ነው፣ መኪና የተባለ ሁሉ ስንቅና ወታደር ሊጭን ተወስዷል። የፋብሪካውም መኪና የለ፣ አውቶቡሱም የለ። መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ፣ ያ ረቢ መኪና አምጣልኝ እላለሁ፣ ከደሴ የሚወርድ እንጂ ወደ ደሴ የሚወጣ የለም። ታዲያ ዘሃራ «ይማም፣ በብስክሌቷ እንሂድ፣ መንገድ ላይ እናገኝ ይሆናል» አለችኝ። ከኋላ አስቀመጥኳት፣ በነጠላዋ ከወገቤ ጋር አሰርኳት።

ከከተማው እስክንወጣ እንዴት ያለች ምቹ ናት! ዘሃራ ጭንቅላቷን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጋ «አይዞህ፣ አልተንገጫገጭኩም» ትለኛለች። እኔን ታጽናናለች! ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሀረጎ አቀበት መጣ።

ሀረጎን በመኪና ነው የምታውቀው አንተ። በዚያች በከባድ ብረት፣ ሰው ከኋላ ይዘህ፣ ፔዳሉ አይዞርም። ቆሜ ብረግጠው አይዞርም፣ በሙሉ ክብደቴ ብረግጠው አይዞርም። ነጠላውን ፈትቼ ወረድኩ። እሷን አስቀምጬ መግፋት ጀመርኩ፣ በአንድ እጄ እሷን ደግፌ በአንድ እጄ መሪውን ይዤ፣ አንድ ጠመዝማዛ ስጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ሌላው ሲያልቅ ሌላው። እና ያ ባለሱቅ በዓይኔ ይመጣል፣ ደረቱ የረጠበው፣ ተቀምጦ፣ እግሩን እያሽከረከረ፣ «አቀበት ላይ ታቀላለች!» ይለኛል። ዘሃራ ቀስ በቀስ ዝም አለች። «ዘሃራ!» እላለሁ፣ «እ» ትላለች። «ዘሃራ!» «እ»። በኋላ እሱንም ተወችው። አለቀስኩ፣ ወላሂ እንደ ሴት እንደ ልጅ እየጮህኩ አለቀስኩ፣ እየገፋሁ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነው ከሰል የጫነች አሮጌ መኪና ከኋላችን የመጣች። ሾፌሩ ሳልለምነው ቆመ፣ አንስቶ ከፊት አስገባት፣ እኔ ከሰሉ ላይ ወጣሁ። ብስክሌቷን መንገድ ዳር ጥዬያት ሄድኩ።

ደሴ ሆስፒታል ሐኪሙ እጁን እያደረቀ ወጣ። «ሚስትህ ትተርፋለች» አለኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። «ልጁን አላገኘነውም፣ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ…» አለና ፊቴን ሲያይ ተወው። ወንድ ነበር። ሙሉ ሰው ነበር፣ ጥፍር ያለው፣ ፀጉር ያለው። ሌላም እንደማይኖር እዚያው ነገሩኝ። የልጁንም፣ ሌላ አለመኖሩንም ለእሷ እኔው ነኝ የነገርኳት።

አሁን አንተ ምን ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

— ኧረ ጋሼ፣ ማርሽ ያላትስ ብትሆን ሁለት ሰው ይዛ ሀረጎን ትወጣ ነበር እንዴ?

ያው፣ አልኩህ። ሁሉም እንደሱ ይለኛል። ቀደር ነው ይሉኛል፣ ሶብር አድርግ ይሉኛል። እኔ እንጃ ከማል። አትወጣም ይሆናል። ግማሹን ትወጣ ይሆናል። ጉልበቴ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ጠመዝማዛ ታሳጥርልኝ ነበር ይሆናል። ስንት ዓመት ሙሉ ያችን ብስክሌት በሀሳቤ ሀረጎን ስነዳት ነው የኖርኩት፤ አንዳንድ ቀን ትደርሳለች፣ አንዳንድ ቀን አትደርስም። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ይወጣልኝ ነበር፣ ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን አልተሳሳትኩም፣ እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

ብስክሌቷን ሰዎች አግኝተዋት ቤት ድረስ አመጡልኝ፣ የሰው ዕቃ አይወስዱም ያኔ። ጋሽ ሙሄ ለለቅሶው መጡ። ሦስት ቀን ከሰዉ ጋር ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ሰዉ ሲበተን ግቢ ወጡ፣ ብስክሌቷ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ፔዳሏን በእጃቸው አዞሩት፣ ካቴናውን በጣታቸው ተከተሉት፣ ጎማው ሲዞር አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ይማም» አሉኝ።

«አቤት አባባ።»

«ያ ሰውዬ፣ ውሃ የፈሰሰበት፣ ዳገቱን ተቀምጦ ነበር የወጣው።»

«አዎ አባባ።»

«እኔ የማውቅ በቅሎ ነው። አንተ ብረት የምትፈታ ሰው ነህ። ጠይቄህ ነበር እኮ ልጄ። ለምን አልነገርኸኝም?»

እየተቆጡኝ እንዳይመስልህ። ቢቆጡኝ፣ በዱላቸው ቢሉኝ ደስታዬ ነበር። ሰውዬው እውነታቸውን ነው የሚጠይቁኝ፣ እንደ ተማሪ፣ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ መልሱን ይጠብቃሉ።

— እና ምን አሉዋቸው?

ምን እላለሁ! እርስዎን አክብሬ ነው ልበላቸው? የልጅ ልጅዎን ያጣሁት እርስዎን አክብሬ ነው ልበላቸው? ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልባቸው ተሰብሯል፣ አይባልም አልኩ። (ጋሽ ይማም ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ይቆማል።) አየህ ከማል? ያኔም ዝም አልኩ።