ናፍታን በመዳፍ የሚለኩት ሾፌር

ሾፌር ሲያረጅ መኪናውንም አብሮ ያሳርፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ የእኛን ሽማግሌ አያውቃቸውም ማለት ነው። እሳቸው ረጅም መንገድ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል፤ አሮጌዋ የጭነት መኪናቸው ግን ዛሬም ከግቢያቸው እየወጣች የሰፈሩን አሸዋና ድንጋይ ታመላልሳለች። ጠዋት ስትነሳ ታጓራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭሷን ትለቀዋለች። ያን ጊዜ ልብስ ያሰጣ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ይወጣል። በሌሉበት "አባ ጭስ" ይሏቸዋል። ያውቃሉ፤ ግን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የጎረቤታቸውን አንሶላ ከገመዱ ነቅሎ ወደ ሽማግሌው ግቢ ጣለው። የጎረቤቲቱ ልጅ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና የምትማረው፣ አንሶላውን ልታነሳ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሽማግሌው አላዩዋትም። ናፍታ ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች አንዱን አውጥተው፣ ጫፉን ወደ ውጭ አዙረው በናፍታ ቱቦው ላይ አስረውታል። ከፊቱ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ባለቤታቸው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው የሞተሩን ቁልፍ ይዘዋል።

"አንቺ፣ አዙሪው!" አሉ ሽማግሌው።

"እትዬ፣ በሞቴ እንዳያዞሩት!" የሚል ጩኸት ከኋላቸው መጣ።

ሽማግሌው ክው አሉ። ዘወር ሲሉ ልጅቷ አንሶላዋን መሬት ላይ ጥላ ቆማለች።

"ምነው ልጄ፣ እባብ አየሽ እንዴ?"

"እባብ ቢሆን ይሻል ነበር ጋሼ። እባክዎ እጅዎን ከዚያ ያንሱልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።"

እጃቸውን ግን አላነሱም። በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ መኪናቸው ፊት፣ ትናንት የተወለደች ልጅ ልታዛቸው ነው እንዴ?

"ይሄውልሽ፣" አሉ በትዕግሥት፣ "ኢንጀክተሩን አጽድቻለሁ። ናፍታውን እንዴት እንደሚረጭ ደግሞ በመዳፌ አየዋለሁ። እንደ ጉም ብን ብሎ ካቀዘቀዘኝ ደህና ነው። ከተንጠባጠበ ጫፉን እንደገና እፍቀዋለሁ። እኔን ያስተማረኝ አለቃዬ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ እሱም ካለቃው ነው የተማረው።"

"በምን ነው የሚፍቁት?"

"በሽቦ ነዋ!"

"ወይኔ ጉዴ!"

"ምን ጉድ አለው? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ። እዚህ አጥር ላይ ስትንጠላጠይ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔው ነኝ። ያኔ ጋሼ 'ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!' እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። እስክወድቅ ድረስ ቆመው አላዩኝም።"

ከጋቢናው ሳቅ ተሰማ። "መለሰችልህ!" አሉ ባለቤታቸው።

ሽማግሌው ፈገግታቸውን ዋጥ አደረጉና መዳፋቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱ። የተሸነፉ እንዳይመስልባቸው ግን አገጫቸውን ቀና አድርገው ነበር።

"ጋሼ፣ ይህ ናፍታ ከፖምፓው ሲወጣ የሚገፋው ጉልበት ከባድ ነው። ቆዳ አያቆመውም። ትንኝ የነከሰዎት ያህል ብቻ ይሰማዎትና ሥጋ ውስጥ ይገባል። አንድ አስተማሪያችን እንዲህ ሆኖ ነው ጠቋሚ ጣቱን ያጣው። ምንም አላመመውም ነበር። እጁን ታጥቦ ራቱን በላና ተኛ። ሲነጋ እጁ አብጦ የተነፋ ጓንት መስሏል። ወዲያው ሐኪም ቤት ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጣቱ ሊተርፍለት ይችል ነበር።"

"እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሳደርገው ኖሬአለሁ። ይኸው እጄ!"

"ዕድልዎ ጥሩ ሆኖ ነው ጋሼ።"

እውነት ለመናገር፣ ስንቶቻችን ነን ጥሩ ዕድላችንን ሙያ ብለን የምንጠራው! በገደል አፋፍ ሲመላለስ ያልወደቀ ሰው መንገዱን ለልጁ ያወርሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የሚታወሰው ከተመነጠሩ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ተቆጡ። "እሺ፣ እጁ የማነው? የእኔ አይደለም? ቢቆረጥም የእኔው ነው!"

ልጅቷ ወደ ጋቢናው አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እጁስ የእርስዎ ነው፤ ቁልፉን የሚያዞሩት ግን እትዬ ናቸው" አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ጋቢናው አዩ። ባለቤታቸው እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አንስተው ደረታቸው ላይ አድርገውታል። ፊታቸው ተለዋውጧል።

"አላዞርም፣" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን አዙሪ ስትለኝ አዞርኩ። እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ? እጅህን በገዛ እጄ ካስቆረጥኩ በኋላ እንዴት ብዬ ነው ካንተ ጋር ቁጭ ብዬ እህል የምቀምሰው?"

ሽማግሌው ፈሩ። በሌሊት በገደል ዳር ሲነዱ እንኳ እንዲህ ፈርተው አያውቁም። ሆኖም የሾፌር አንገት ቶሎ አይታጠፍምና፣ "እስቲ መጀመሪያ አሳይኝ" አሉ።

ልጅቷ አንድ አሮጌ ካርቶን ከረጅም እንጨት ጋር አሰረችና በኢንጀክተሩ ፊት አቆመችው። ሽማግሌውን ወደ ኋላ አራቀቻቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሲጋራም እንዳይለኩሱ አስጠነቀቀቻቸው። ከዚያ ለእትዬ ምልክት ሰጠች። ሞተሩ ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ አለ። ካርቶኑን ሲያነሱት ተበስቷል። ሽማግሌው ቀዳዳውን ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ መዳፋቸውን አዩ፣ ከዚያ መልሰው ቀዳዳውን።

"በዚህ በኩል ደግሞ ይመልከቱ፣" አለች። "ሽቦው የኢንጀክተሩን ጫፍ ቀዳዳ አስፍቶታል። እንደ ጉም መበተኑ ቀርቶ እንደ ሕፃን ሽንት ነው የሚወርደው። እንዲህ ያለ ናፍታ በደንብ አይነድም። ያልነደደው ጭስ ሆኖ ይወጣና በእናቴ አንሶላ ላይ ያርፋል።"

"እንግዲያ ሳጸዳት የኖርኩ እየመሰለኝ ሳቆስላት ነው የኖርኩት?"

"ስለሚወዷት ነው ጋሼ። መውደዱን ይቀጥሉበት፣ ሽቦውን ብቻ ይጣሉልኝ።"

ሽቦው ተጣለ። ቀጥለው ሞተሩን ከውጭ አጠቡት፤ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። የተከፈተውን የቱቦ አፍ ሁሉ ደፈኑ። የቀሩትን ኢንጀክተሮች እያወጡ እያንዳንዱን በየራሱ ጣሳ፣ በንጹሕ ናፍታ ዘፈዘፉት። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ ሊጨምሯቸው ሲሉ ልጅቷ እጃቸውን ያዘች።

"የእያንዳንዱ ኢንጀክተር መርፌና መርፌው የሚገባበት ቤት አብረው የተሞረዱ ባልና ሚስት ናቸው። የአንዱን መርፌ ለሌላው ቤት አይሰጡም።"

"ይህንንስ ትምህርት ቤት ሳልገባም አውቀዋለሁ" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ጋቢናው ሰረቅ አድርገው እያዩ።

ጥላሸቱን በለስላሳ የነሐስ ብሩሽ አነሱ። የታጠበው መርፌ በራሱ ክብደት ወደ ቤቱ ሸርተት ብሎ ሲገባ ሽማግሌው እንደ ልጅ ሳቁ። መርጨቱን ለማስፈተሽ ግን የናፍታ ፓምፕና ኢንጀክተር የሚጠገንበት ፓምፕ ቤት መሄድ ነበረባቸው።

"ያው ዞሮ ዞሮ ፓምፕ ቤት ነው እንዴ?" ብለው አጉረመረሙ።

"ማጠቡን እዚሁ ቤትዎ ይችሉታል፤ ግፊቱን መለካት ግን መሣሪያ ይፈልጋል። የእርስዎ መዳፍ እንጀራ መቁረሻ ይሁን።"

ሰኞ ዕለት ፓምፕ ቤቱ በሽቦ የተጎዱትን ለይቶ መርፌና ቤታቸውን አንድ ላይ ቀየረላቸው። ሽማግሌውና ልጅቷ ከኢንጀክተሮቹ ሥር የሚገቡትን የመዳብ ቀለበቶችም በአዲስ ተክተው ሁሉንም በየቦታው መልሰው አሰሩ። በማግሥቱ መኪናዋ ስትነሳ እንደ ድሮው አልተንቀጠቀጠችም። የሚወጣው ጭስ ስስ ሆኖ ወዲያው ጠፋ፣ ጎረቤቲቱም ልብሷን ልታነሳ አልሮጠችም። ናፍታውም ከበፊቱ ያነሰ ይበቃት ጀመር። ሰው የለመደውን ለመመርመር ፈቃደኛ ሲሆን እንዲህ ያተርፋል፤ ንብረቱ ይሰነብትለታል፣ ከጎረቤቱ ይስማማል፣ አካሉም ጤናማ ሆኖ ይኖራል።

ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍተው ከጋቢናው ሊወርዱ የነበሩትን ባለቤታቸውን እጃቸውን ይዘው ደገፏቸው። ከወረዱም በኋላ አልለቀቋቸውም።

"ቅዳሜ ዕለት ለራሴ እጅ ብዬ አይደለም የደነገጥኩት፣" አሉ ወደ መሬት እያዩ። "አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ይህችን እጅሽን እያየሽ ስታለቅሺ ታየኝ።"

ባለቤታቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሳቃቸውም መጣ።

"አንተ ሰው፣" አሉ፣ "እንደምትወደኝ ለመናገር የግድ ናፍታ መርጨት ነበረብህ?"