በአንድ ፍሬም ሦስት ሰው

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ከሳሎናቸው ግድግዳ ያወረዱትን የመሪ ፎቶ ያለበት ፍሬም በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ፍሬም ሠሪው ሱቅ ሲገቡ፣ እንኳን ሊከራከሩ ሰላም ለማለትም አቅም አልነበራቸውም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ራዲዮው ዜና ሲጀምር ይዘጉታል። የፍሬሙን መስታወት የሰነጠቁት ራሳቸው በከዘራቸው ጫፍ ነው፤ «ሳላውቅ ነው» ይላሉ። እንግዲህ እንመናቸው።

ባንኮኒው ፊት አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ዘወር ስትል ሁለቱም ደነገጡ። የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት፤ አሁን የታሪክ አስተማሪ ሆናለች። ሾፌሩ ከአባቷ ጋር ከተኳረፉ ወዲህ ቤታቸውን ረግጠው ስለማያውቁ፣ የሚያዩዋት መንገድ ላይ ከሩቅ ብቻ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ደህና። አንቺስ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«የአያቴን ፎቶ ፍሬም ላስገባላት ነበር። አባቴ ቅዳሜ ከተማውን ለቆ ወንድሜ ዘንድ ሊኖር ይሄዳል። ቤቱም ተሸጧል። ፎቶዋ በመንገድ እንዳይበላሽበት ብዬ መጣሁ፤ እኚህ ባለሱቅ ደግሞ እንጨት ስለሌለ ሳምንት ጠብቂ ይሉኛል።»

ሾፌሩ ባንኮኒው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። እናታቸው ናቸው። ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ አንዱ ጥግ ተቀዷል። ቅዳሜ ማለት ከነገ ወዲያ መሆኑ ገባቸው፤ ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው የራሳቸውን ዕቃ ከጋዜጣው ፈቱ።

«መስታወቱን ቀይርልኝ። ደግሞ ከኋላ ያለውን ሰውዬ አውጥተህ ከፊት አድርግልኝ» አሉት ፍሬም ሠሪውን።

ፍሬም ሠሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። መሪ ሲወርድ የድሮውን ፎቶ አይጥሉትም፤ አዲሱን ከላዩ ደርበው ጀርባውን መልሰው ይመቱታል። ካርቶን ይተርፋል፣ ባለቤቱም ከጣጣ ይድናል። ይኼኛውም በፒንሳ ሚስማሩን ነቃቅሎ ጀርባውን ሲከፍት፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከላይ አሁን ያለው፣ ሕዝቡ «ከረባቱ» የሚለው ነበር። ከሥሩ «ሳቂታው»። ከሁሉም በታች፣ ቢጫ የሆነው «ጢማሙ»።

«እሱን!» አሉ ሾፌሩ ጢማሙን በጣታቸው እየነኩ። «ወንድ ማለት እሱ ነበር። በሱ ጊዜ አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል፣ ሰው ይከባበራል።»

አስተማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአውቶቡሱ ሾፌር እርስዎ አልነበሩም እንዴ?» አለች።

«ታዲያስ! ስለዚህ ነዋ የማውቀው።»

«መለዋወጫ ጠፍቶ ዳገቱ ሥር ሲቆም፣ ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋ ነበር። እኔም ከደብተሬ ጋር ገፍቻለሁ። እርስዎ በመስኮት አንገትዎን አውጥተው ምን ይሉን እንደነበር ያስታውሳሉ? ‹ግፉ! ጢማሙንም እንዲሁ ገፍተን እንጥለዋለን!› ይሉን ነበር። እኛ ልጆቹ ለዚያች ሳቅ ስንል እንዲቆም እንመኝ ነበር።»

ፍሬም ሠሪው ሳቁን ሊውጥ ጎንበስ ብሎ ሚስማር መልቀም ጀመረ። ሾፌሩ ጆሯቸው ቀላ።

«ሰው ይሳሳታል! ያኔ አልገባኝም ነበር። ቆይቼ ሳየው ነው የተረዳሁት።»

«ቆይተው ምን አዩ? እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ከወረደ ወዲህ አንድ መንገድ አልሠራም፣ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሞቷል። ታዲያ ዓመት በመጣ ቁጥር እንዴት እየተሻለው መጣ?»

«የኋለኞቹ ከፉብኝ!» አሉ ሾፌሩ። «ሳቂታው ሲመጣ አጨበጨብኩ፤ እጄ እስኪያቃጥለኝ። ምን አተረፍኩ? ከረባቱም ሲመጣ አጨበጨብኩ። ደከመኝ፣ ልጄ። እንደገና ማጨብጨብ ደከመኝ። አሁን አንድ ሰው ግድግዳዬ ላይ ልስቀልና በሰላም ልተኛ ነው የምለው።»

አስተማሪዋ ወንበር ሳበችላቸውና ተቀመጡ። እውነት ለመናገር፣ እንዲህ ደክሞት ግድግዳ ግድግዳውን የሚያይ ሰው በየቤቱ ሞልቷል፤ የሚያሳዝነው ድካሙን ስለ መሪዎቹ የሰጠው ፍርድ ነው ብሎ ማመኑ ነው።

«አጎቴ፣ ያኔ ጉልበትዎ ደህና ነበር። ባለቤትዎም በሕይወት ነበሩ። ማታ ሲገቡ ቤትዎ መብራት ነበረው። የናፈቀዎት ይሄ ቢሆንስ? ጢማሙ ዘመኑን ከእርስዎ ጋር ስለኖረ ብቻ ምስጋናውን ወሰደ።»

ለሾፌሩ ሚስታቸው በሩን ከፍተው «ዛሬም ተገፋህ?» እያሉ ሲስቁባቸው ታያቸው። ይህን ትዝታ ከጢማሙ ፎቶ ጋር ማን እንዳደባለቀባቸው አላወቁም።

«ታዲያ መጥፎ ነበር በይኛ» አሉ በመጨረሻ።

«አልልም። ውኃ ያስገባልን እሱ ነው። አውቶቡሱም የቆመው በሱ ጊዜ ነው። ሁለቱም ሆኗል። ያኔ ውኃውን ማየት አልፈለጉም፤ ዛሬ ደግሞ አውቶቡሱን ረሱት። አባቴ በተኳረፋችሁበት ቀን ገበታ ላይ ያለው ይሄንኑ ነበር፤ ‹ቢያንስ ውኃ አስገባልን› አለ። እርስዎ ‹ሆዳም!› ብለውት ምግቡን ግማሽ ላይ ትተው ወጡ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። እናቴ ሳህንዎን ሳታነሳው አደረች፤ ይመለሳሉ ብላ።»

«እሱም ‹ሂድ› ብሎኛል!»

«ብሏል። ግን ዛሬ ያንን ሰውዬ ከሰቀሉት፣ አባቴ በአንድ ቃል ‹ሆዳም› ተብሎ የቀረው ለምንድን ነው? ሰውዬውን ግድግዳ ላይ ከሚመልሱት፣ ወንድምዎን ወደ ቤትዎ ቢመልሱት አይሻልም? ጢማሙ እርስዎን በስም አያውቅዎትም። አባቴ ግን ቅዳሜ ይሄዳል።»

ሾፌሩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ባዶውን ፍሬም አንስተው ከእናታቸው ፎቶ ጋር ለኩት፤ ልክ ነው።

«እናቴን አስገባልኝ» አሉ።

«እነዚህንስ?» አለ ፍሬም ሠሪው ሦስቱን መሪዎች እያሳየ።

«አንተ ጋ ይቀመጡ። ቆይ ብቻ፣ ተራቸው ሲደርስ የሚፈልጋቸው አይጠፋም።»

ከአስተማሪዋ ጋር ወንድማቸው ቤት ሲደርሱ ግማሹ ዕቃ ታስሯል። ወንድምየው በሩን ሲከፍቱ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ረስተው፣ «ስለ ጢማሙ ልክ አንተ ነበርክ፤ ሆዳም ያልኩህን ይቅር በለኝ» አሉ በአንድ ትንፋሽ።

«የለም፣ ጋሼ!» አሉ ወንድምየው እያለቀሱ። «ስንት ጊዜ ሽማግሌ ልልክብህ ፈልጌ አፈርኩ። ልክ አንተ ነበርክ። ያ ሰውዬ ነው ያጠፋን! ዛሬ ለምናየው ሁሉ መነሻው እሱ ነው።»

«እንዴት እንዲህ ትላለህ? ውኃውን ማን አስገባልህ?»

«የምን ውኃ? በሳምንት አንዴ የሚመጣውን?»

«አትሳሳት እንጂ! ሰውዬው…»

አስተማሪዋ ፍሬሙን በመካከላቸው ከፍ አድርጋ ያዘች። ሽማግሌዎቹ እናታቸውን አዩ፣ እርስ በርስም ተያዩ። አንዱ የሌላውን ክርክር ይዞ መቆሙ ድንገት ገባቸው። መጀመሪያ ሾፌሩ ሳቁ፣ ከዚያ ሁለቱም በታሰረው ሻንጣ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱም ደክመው ነበር።

«ስማ» አሉ ሾፌሩ። «ከእንግዲህ የሠራውን ሠራ፣ ያጠፋውን አጠፋ እንላለን። ሐሳባችን ነገም ይለወጥ ይሆናል፤ ይለወጥ። ግን በማንም መሪ ምክንያት ከገበታ የሚነሳ የለም።»

«የለም፣ ጋሼ።»

እንዲህ የሚል ሰው ጥቅሙ ብዙ ነው። ዛሬ ያጨበጨበለትን ነገ ለመጠየቅ አያፍርም፤ ትናንት የሰደበውንም በጎ ሥራ አይክድም። ከሁሉ በላይ፣ ሹማምንቱ መጥተው ሲሄዱ ወንድሙ አብሮት ይቆያል።

አስተማሪዋ ካልታሰሩት ዕቃዎች ሁለት ሳህን ፈልጋ ምግብ አቀረበች። ሾፌሩ ምንም ሳያስተርፉ በሉ። ሲጨርሱ ሳህኑን ወደ ወንድማቸው ገፋ አድርገው፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ።

«ጠዋት ነው» አሉ ወንድምየው።

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለታረቁት ወንድማማቾች አብረው የሚበሉበት የቀራቸው ቀን አንድ ብቻ ነበር።