ዓይኔና የጎረቤቴ ዘር

ሰፈርተኛው ቡዳ ናት ብሎ የሚያማኝ በጎረቤቴ በአስካለ የተነሳ ነው። ልጇ ዳዊት ከየካ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሊሮጥ ሲወጣ አይቼ «አቤት ቁመና!» አልኩ፣ እንትፍ ሳልል። ልጁ ራጉኤል ሳይደርስ ወደቀ። እሱስ ተረፈ፣ የኔ ስም ነው ያልተረፈው። ከዚያ ወዲህ አስካለ በደጄ ስታልፍ የትንሿን ልጇን የትዕግሥትን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች።

ሐኪሞቹ የዳዊት የልብ ጡንቻ ወፍሯል ብለው የሱንም የእናቱንም ደም ለዘር ምርመራ ላኩ። ውጤቱ የሚነገር ቀን አስካለ ብቻዋን መሄድ ፈራች። ቡዳም ብሆን ጎረቤት ነኝና እኔኑ ጠራችኝ።

ዶክተሯ «እናቴ፣ እርስዎን ባያሳምምዎትም ልጅዎ የወረሰው ከእርስዎ ነው። ትንሿም ትመርመር» አለቻት።

በሆዴ እልል አልኩ። አስካለ ወደኔ ዞረች። «እኔንስ ማን በላኝ?»

የትዕግሥትን ውጤት ስንጠብቅ ግን ሳቄም ጠፋ፤ ልጅቷን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። አልወረሰችም ሲሉን «እሰይ የኔ ቆንጆ!» ብዬ እጄን ስዘረጋ እናቷ መሃል ገባች።

«መጀመሪያ እንትፍ በይባት!»

እንትፍ አልኩና አቀፍኳት። ከደስታዬ ብዛት ወደ ዶክተሯም ዞሬ «ተባረኪ! አንቺም ስታምሪ!» አልኳት።

ዘር ማንበብ የምታውቀው ዶክተር፣ አገጯ ላይ የነበረውን ማስክ ቀስ ብላ እስከ ዓይኗ ሳበችው።