ባሕር የሌለው መረብ

ነይ ሎቪሳ፣ እዚህ ተቀመጪ። ወንበሩን በእጄ ጠርጌዋለሁ፣ አይረጥብሽም። ዝናቡ እንኳን ቆመ። ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ሳየው፣ በቃ ያንን ሁሉ የሳንድዊች ኬክ ዝናብ ሊበላው ነው ብዬ ነበር። ሰኔ እኛ ዘንድ እንዲህ ናት፤ ጠዋት ካፖርት፣ ቀን ሸሚዝ። ሽሪምፕ ካለበት በኩል ቁረጪ፣ የእንቁላሉ ወገን ደርቋል። የባህል ቢሮ ሥራ እንዴት ይዞሻል? ከጎተንበርግ መጥቶ እዚህ ኖርሂታን መኖር ይከብዳል አይደል… እኛ ዝምተኞች ነን እንጂ ክፉዎች አይደለንም። ዝም አይነቅዝም ይባላል… አርባ ዓመት ሲቀመጥ ግን ትንሽ ይሸታል።

እንዴት ያለ በዓል ነው ያዘጋጀሽው! በስልሳ አምስት ዓመት ልደቱ አደባባይ የተሰየመለት ሰው በዚህ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። የብረት ፋብሪካውን የመሠረቱት ሰውዬ እንኳ ያገኙት አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፤ እሱም እግሩ ተሰብሯል።

አይ፣ ዞር አትበይ። ባለልደቱ ከጀርባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ አውቃለሁ፤ የቆዳ ሱሪው ሲንሿሿ ሰምቼዋለሁ። ደግሞ ስለ እሱ መቼ አወራን? ስለ አንድ ሰው ነው የምናወራው። ስም አልጠራሁም። ስም አለመጥራትን የተማርኩት ከትልልቅ ሰዎች ነው።

እኔ ስለዚያ ሰው ክፉ ተናግሬ አላውቅም። የማውቀውን ብናገር ነበር ክፉ የሚሆነው።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ነው። አራት ልጆች ሮክ ይጫወቱ ነበር፤ ባንዳቸው «ዝገት» ይባል ነበር። ክፍሉን በነፃ ለማግኘት «የጥናት ክበብ» ተብለው ተመዘገቡ፤ ያኔ ባንድ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ሁለቱ የፋብሪካ ልጆች ነበሩ፤ ሦስተኛዋ እህቴ ማይብሪት፣ ጊታር የምትመታው። አራተኛው ዘፋኙ ነበር። በምን ተመረጠ ትይኝ እንደሆነ… ጸጉር ነበረው። እስከ ወገቡ የሚደርስ። አሁን ምሳ ላይ እንኳ ባርኔጣውን ለምን እንደማያወልቅ አልጠይቅም፤ ፀሐይ ትወጣ ይሆናል ብሎ ነዋ። ከአራቱ ግን ክበቡን የምር የወሰደው እሱ ብቻ ነው። የሰው ጽሑፍ በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ማጥናት ጥናት ካልሆነ፣ ጥናት ምንድነው?

ከእህቴ ጋር ይዋደዱም ነበር። እሷ ትወደው ነበር፤ እሱም… መወደድ ይወድ ነበር።

ከዚያ ለውትድርና ተጠራ። ሰሜን፣ ቦደን፣ ያ ሁሉ በረዶ። እህቴ በየሳምንቱ ደብዳቤ ትጽፍለታለች። ይመልስላት ነበር ወይ? ይመልስላታል እንጂ! ሁለት ጊዜ። አንዴ ካልሲ ላኪልኝ ብሎ፣ አንዴ ካልሲው ደርሷል ብሎ። ያኔም ቢሆን ቃል አያባክንም ነበር፤ የሰጡትን መቀበል ነው የሚያውቅበት።

ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ውስጥ ምን እንደነበር እኔ ምን አውቃለሁ? እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ፊት ለፊቷ ድንች እየላጥኩ ነበር፣ ያው። መስመር በመስመር እያነበበችልኝ ነበር፣ ያው። «ሰንደቅ» የምትለዋን ቃል ያቀበልኳት እኔ ነኝ፣ ያው። ግን እኔ ምን አውቃለሁ… የእኔ ሥራ ድንች መላጥ ነበር።

ልጁ ከውትድርና ሲመለስ ዘፈን አወጣ። ጋዜጣው ሁሉ «ዘፈን አወጣ» ብሎ ጻፈ። እውነታቸውን ነው፤ አወጣ። ከፖስታ ውስጥ።

ዘፈኑንማ ማን የማያውቀው አለ? ሠርግ ላይ ነው፣ ቀብር ላይ ነው፣ የበረዶ ሆኪ እረፍት ላይ ነው…

በቀይ ብስክሌት ላይ ወርጄ ቁልቁለት፣
የኋላው መረብ ተበጥሶ ነፋስ ገባበት።

አንቺ ልጅ ነሽ፣ መረቡን አታውቂው ይሆናል። ድሮ የሴት ብስክሌት የኋላ ጎማው ላይ በክር የተሠራ መረብ ነበረው፤ ቀሚሳችን ጎማው ውስጥ ገብቶ እንዳይጥለን። የወንድ ብስክሌት መረብ የለውም። ምን ሊያደርግለት? የእህቴ ብስክሌት ግን ነበረው፤ በግራ በኩል የተበጠሰ፣ ቀለሙም ቀይ። ግጥምጥሞሽ ነው። ዓለም ላይ ቀይ ብስክሌት ሞልቷል።

ቀጥሎ ያለው መስመር «ነፋሱ ሸሚዜን ሰንደቅ አደረገው» አይደል የሚለው? «ቀሚሴን» የሚል ወረቀት አይቻለሁ አላልኩም። ብቻ ሰውየው ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮም ይሳካለት ነበር፤ ቀሚስ አስገብተሽ ሸሚዝ አድርጎ ያወጣልሻል። መረቡን ግን ሳይነካው ቀረ። ምን እንደሆነ የማያውቁትን ነገር በምን ይቀይሩታል?

አንዴ ቴሌቪዥን ላይ ጋዜጠኛዋ ጠየቀችው፤ ይህ መረብ ምንድነው ብላ። ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ጨፈነ። ከዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ» አላት። ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። እኔም እንባዬን ጠረግሁ፤ እኔ እንኳ የሳቅ ነበር። አያቱን አውቃቸዋለሁ፤ የፋብሪካው በር ዘበኛ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ዓሣ የሚያውቁት ለገና ሰሃን ላይ ሲቀርብላቸው ነው። ከዚህ እስከ ባሕር በባቡር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ደግነቱ፣ የተማረ ሰው ተገኘና ስለዚያ መረብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈበት፤ መረቡ ነፃነት ነው፣ ወጥመድም ነው እያለ። እህቴ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ አነበበችውና «በጣም ጥልቅ ነው፣ እኔ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር» አለችኝ።

አንቺም አልተሳሳትሽም፣ ልጄ። በነገሩሽ መሠረት ነው የሠራሽው። አደባባዩ መሃል የወንድ ብስክሌት ሰቅለሽ ከኋላው የዓሣ መረብ ዘረጋሽበት፤ በጣም ያምራል። ትናንት ሁለት ድንቢጦች ተይዘውበት ነበር። ኖርሂታን ከተቆረቆረች ጀምሮ በመረብ አንድ ነገር ስትይዝ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

እና በዚያች ዘፈን ስንት አገር ዞረ መሰለሽ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ… የጥንት ሰዎች ይሳሳታሉ። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ አደመቀ፤ ትንሽ እንኳ አልደበዘዘም። የሰው ልብ ሰረቀ ይሉታል፤ መቼም እጁ ልብ ላይ ብቻ ቆመ ማለት ይከብዳል። ደራሲ ነው ይሉታል፤ እኔ ደራሽ ነው ባይ ነኝ፤ ደራሽ ውሃ ሌላው የዘራውን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ግጥም ላይ ደግሞ ማን ይደርስበታል? አንድ ትልቅ ብርጭቆ ቢራ አቅርቢለት፤ ግጥም አድርጎ ነው የሚጠጣው።

ሁለተኛው አልበም ሲወጣ «ግጥምም ዜማም ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው» ተብሎ ተለፈፈ። ተጠራጥሬ አላውቅም። የሰማው ሰው ሁሉ አምኗል።

ለንደንም ሄዷል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል አይደል? ለንደኖች ጨዋዎች ናቸው፤ ቁርበቱን አነጠፉለት፣ ሳል ሳል እያሉ ሰሙት፣ የመመለሻ ትኬቱንም ቆረጡለት። ከዚያ ስቶክሆልም ገባና ሠላሳ ዓመት ኖረ። እዚያ የእኛን አነጋገር ረስቶት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ማይክሮፎኑ ሲሞከር ግን ተመለሰለት። ማይክሮፎን የማያድነው በሽታ የለም። ሦስት ጊዜም አግብቷል። ለሦስቱም «ያላንቺ ያ ዘፈን አይኖርም ነበር» ብሏቸዋል። እንደዚያ ሳይላት የቀረው ያላገባትን አንዷን ብቻ ነው።

እህቴ? እህቴ ምን ትሆናለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚሁ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተማረች። ልጆቹ በየዓመቱ ያንን ዘፈን አስተምሪን ይሏታል፤ ታስተምራቸዋለች። «ሸሚዜን» እያለች። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ሰማኋትና ማታ ለምን እንዲህ ትያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «የመዝሙር መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው» አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ሎቪሳ። ይኼን ያለ አሽሙር ነው የምነግርሽ።

አሁን ጆሮዋ እየሄደ ነው። ሐኪሙ እስከ ገና ድረስ ትንሽ ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ አታድርጊ ብሏታል። የአካባቢው ሬዲዮ ዛሬ በቀጥታ ያስተላልፋል ብለሽ ነግረሽኝ አልነበር? ነገርኳት። ይኸው አሁን ወጥ ቤቷ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ ለጥፋለች። ገንዘብ አልጠየቀች፣ ፍርድ ቤት አልሄደች። «ጉንቮር፣ ጆሮዬ ሳይዘጋ አንዴ ስሜን ሲጠራ ብሰማ ይበቃኛል። ካልጠራም ተዪው» ነው ያለችኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጎረቤት አይደለሁም፣ እህት ነኝ። ቢሆንም ቃሏን አክብሬ ተውኩት። በር ላይ ስንገናኝ ብቻ ሰላም አልኩትና «ማይብሪት ሬዲዮ ከፍታ እየጠበቀች ነው» አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ልቡ ላይ ይሁን የደረት ኪሱ ላይ፣ መነጽሬን አልያዝኩም ነበር።

ከጀርባችን ሹካው ቆመ እንዴ? … ይብላ እንጂ። ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው። አንድ ስም መጥራት ምን ያስቸግራል መሰለሽ? ሦስት ቃል ነው፤ «ማይብሪት ናት የጻፈችው»። አደባባዩን ማን ይቀማዋል? ባርኔጣውን ማን ያወልቅበታል? እንዲያውም ትልቅ ሰው ይባል ነበር። እኔ ራሴ ተነሥቼ ጉንጩን እስመው ነበር፤ ከልቤ ነው የምልሽ።

ተነሣ። ሱሪው ሲንሿሿ ሰማሽ? እስኪ ዝም እንበል፣ ድምፃችን ሬዲዮው ላይ እንዳይገባ።

ጊታሩን ያዘ… የከተማችንን ሰው እያመሰገነ ነው… አንቺንም አመሰገነሽ፣ ቀና በይ። አሁን ወደ ዘፈኑ መጣ። «ይህን ዘፈን ከመዝፈኔ በፊት» አለ… «ስሙን ሳልጠራ የማላልፈው አንድ ሰው አለ» አለ… ሎቪሳ፣ እጄን ያዢኝ። ወደ እኔ እየተመለከተ ነው። በል… በል እንጂ፣ ልጄ… ምንም አይደል፣ ሁላችንም ልጆች ነበርን፣ በላት…

…

አያቱን ነው። አያቱን ነው የጠራው። ዓሣ አጥማጁን አያቱን።

አጨብጭቢ፣ ሰው እያየን ነው። አይ፣ አላለቀስኩም፤ ማዮኔዙ ሰናፍጭ በዝቶበታል። አሁን እሷ ሬዲዮውን ዘግታ ሰሃን እያጠበች ይሆናል። ስመለስ ምን አለ ብላ አትጠይቀኝም፤ አውቃታለሁ። ዝናቡ አገኘሽ ወይ ነው የምትለኝ።

በይ ብርጭቆሽን አንሺ፣ ሁሉም ቆሟል። እንደ ደንባችን አራት ጊዜ «ሁራ!» ብለን በደስታ ጮኸን፣ መቶ ዓመት ይኑር ልንለው ነው። መቶ? ኧረ ለእሱ መቶ ታንሰዋለች! እኔ ቂም አልይዝም፤ በሙሉ ልቤ ነው የምመርቀው፣ ጮክ ብዬም ነው፣ ማይክሮፎኑ ክፍት ነው መሰለኝ… እግዜር ጤናውን አብዝቶ ይስጠው። ክፉ አይንካው። አንዲት የራሱን ዘፈን እስኪጽፍ ድረስ ዕድሜ ሰጥቶ ያቆይልን።