በሩ የማይዘጋው ሰው

ግቢ፣ ግቢ እህትዓለም፤ ጫማሽን አታውልቂ። ደረጃው አደከመሽ አይደል? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? እኔማ ይኸው፣ ልጄ ከወለደች ወዲህ እዚሁ እሷ ቤት ከርሜያለሁ። ሬዲዮኑ ሺሺሺ ሲል የተበላሸ እንዳይመስልሽ... ወጥ ቤት ሥራ ሲኖር ነው እንዲህ የሚሆነው። ጮክ ብዬ የማወራውም እሱን ለማሸነፍ ነው እንጂ፣ ወጥ ቤት ያለ ሰው ይስማኝ ብዬ አይደለም።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ! አንድ የሰው አማች አውቃለሁ። ስሙን ተዪው፣ ማማት አልወድም። እጁ ግን... አቤት እጅ! ማይክሮዌቭ በሩ ሲከፈት ቀጥ ይላል አይደል? ይሄ ነገር አልተዋጠለትም። የሠሩት ሰዎች ምን ያውቃሉ? ፈታታውና የበሩን ማጥፊያ ነቅሎ ሽቦውን በሽቦ አገናኘው። አሁን በሩ ወለል ብሎ እየሠራ ሾርባውን ያማስላል። አንድ የኤሌክትሪክ ጠጋኝ “ጨረሩ ይወጣል፣ ዓይን ያጠፋል” ቢለው ሳቀበት። እውነቱን ነው፣ ዓይን ምን ያደርግለታል? መቼ አይቶበት ያውቃልና!

እታች ቤት የአንቺም ኢንተርኔት በእራት ሰዓት ይጠፋል አይደል? እንጃ... ከሰማይ ይሆናል። ሞገድ ነው ይላሉ። እኔ ሞገደኛ እንጂ ሞገድ የት አውቃለሁ?

ደግሞ ጸጥታ መውደዱ! ሚስቱ የሕፃኑን ለቅሶ ከመኝታ ቤት የምታሰማት ትንሽ መሣሪያ አለቻት። ትናንት እሱ ሾርባውን ሲያሞቅ መሣሪያዋም እንደዚህ ሬዲዮን ሺሺሺ ብቻ ሆነች። ልጁ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ተጠምጥሞበት ሲጮህ፣ ሲጮህ... ማን ይስማው? እናቱ ዳይፐር ልታመጣ ባትገባ ኖሮ... ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። ተመስገን፣ ተርፏል። ሾርባውም ግሩም ሆኖ ሞቆ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሚስቱን ልብሷንና የልጁን ልብስ ስታጣጥፍ አየኋት። ለቁም ሣጥን ይሁን ለሻንጣ፣ እኔ ምን አውቄ? እናቷ ቤት ማይክሮዌቭ የለም፤ በሩ ግን ይዘጋል።

እንዴ... ሬዲዮኑ ጠራ! የወጥ ቤቱ ሥራ አበቃ ማለት ነው። እሰይ፣ አሁን ቀስ ብዬም ባወራ ይሰማል። መቼም ሰው ምርቃት አይጠላም። አሜን በዪ፣ እህትዓለም። እጁን ይባርክለት! ዓይኑን ያብራለት! ቤቱም አይዘጋ... ሚስቱና ልጁ ሲወጡለት እንኳ፣ ያው እንደ ለመደው፣ በሩ ወለል ብሎ ይኑርለት።