ለቅዳሜ የተቀጠሩት አሻንጉሊቶች

ሸዋዬ፣ ሁሉንም ትወስዳቸዋለች! አርባ ሁለቱንም፣ አንድም ሳትነጥል። ዛሬ ጠዋት፣ ገና ሬሳሽ ከቤት ሳይወጣ፣ ማራናታ ከቴፒ ደወለችልኝ። "አይለያዩም፣ ቃሌ ነው" አለችኝ። ሰማሽ? አይለያዩም።

ይቅር በሉኝ አባታችን። ይቅር በሉኝ ወገኖቼ። መጀመሪያ እናንተን እጅ መንሳት ነበረብኝ፤ ወረቀቴም ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። ግን ይሄን ወሬ ከጠዋት ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤ፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ልፈነዳ ነበር። እሷ ሳትሰማው አፈር ይመለስባት? አልቻልኩም።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ይሄይስ፣ ከሩቅ የመጣችሁ ዘመዶቿ፣ ጎረቤቶች፣ የገበያ ሰዎች፣ እዚህ ጭቃ ላይ የቆማችሁ ሁሉ፤ እግዜር ያጽናችሁ፣ እኔንም ያጽናኝ። በየነች እባላለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የማታውቁኝም ድምፄን ታውቁታላችሁ። ከሸዋነሽ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አናዳኛለች።

የሞተ ሰው ይመሰገናል፣ አውቃለሁ። አመሰግናታለሁ፣ ቆዩ። መጀመሪያ ግን የሆዴን ልናገር። ከዛሬ በኋላ ብናገርስ ማን ይመልስልኛል?

ሥራዋን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሸዋነሽ የአሻንጉሊት ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ሹራባቸውንም ትሠራ ነበር። የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ማራናታ ቴፒ የምታስተምር ልጅ ናት፤ አሻንጉሊት ትሰበስባለች። ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ በባለመስታወት ቁም ሳጥን የተደረደረ አሻንጉሊት ነው፣ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ እየመጣ ያየዋል። ከአራት ዓመት በፊት ልብስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች በካርቶን ይዛ መጣች። ቁመታቸው ስንዝር ተኩል፣ ክንዳቸውና ጉልበታቸው የሚታጠፍ። "የባህል ልብስ አልብሺልኝ። መቼ ይደርሳል?" አለቻት።

ሸዋነሽ ምን አለች? ከናንተ መካከል ልብስ አሰፍታ የምታውቅ ሁሉ መልሱን ታውቀዋለች። "ለቅዳሜ ይደርሳል።"

የትኛው ቅዳሜ? እኔስ መች አወቅኩ። አራት ዓመት ውስጥ ስንት ቅዳሜ እንዳለ እናንተው አስቡት። ማራናታ በደወለች ቁጥር፣ ለቅዳሜ ይደርሳል። ልጅቷ በዝናብ፣ በዚያ መንገድ፣ ከቴፒ ድረስ ስትመጣ፣ ቁጭ በይ፣ ሻይ ጠጪ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል።

የባህል ልብስ ሥሪ ተባለች፤ ሠራች? አልሠራችም። "እንዲህ ለብሶ ገበያ የሚወጣ ሰው የታለ?" ብላ የዚህን ከተማ ሰው ልብስ መስፋት ጀመረች። የእናንተን። ቦቲ ጫማውን፣ የዝናብ ልብሱን፣ ክርኑ የተጣፈ ኮቱን፣ ቡና ለቃሚዋ ወገቧ ላይ የምታስረውን ጆንያ ሳይቀር። ጨርቁ ደግሞ የሚመስል ጨርቅ አይሆንም። ራሱ መሆን አለበት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችሁ፣ ከልብሱ ጥግ ያልተቆረጠበት ማን አለ?

እጅ አታውጡ፣ ቀብር ላይ ነን። አቶ ይሄይስ ግን ያስታውሳሉ። የዕድር ስብሰባ ላይ ነበርን፤ ወሬው ረዘመና እሳቸውን ትንሽ ሸለብ አደረጋቸው። ሸዋነሽ አጠገባቸው ተቀምጣለች። መቀስ ደግሞ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ስብሰባው አልቆ ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ቁልፍ የለም። ኪሱ አለ፣ የኪሱ ታች የለም። "ይሄ ምን ዓይነት አጠባ ነው?" ብለው ባለቤታቸውን ተቆጡ። ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ። ኪሱ የት እንደገባ የታወቀው አሻንጉሊቱን ያየን ዕለት ነው፤ መዳፍ የማታክል ኮት፣ ውስጧ ያው ባለመስመር ገበር። "የኮቱ ቀለምማ የትም ይገኛል፤ ገበሩ ያለው ግን እሳቸው ጋ ብቻ ነው" አለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ክርና ቁልፍ የምትሸጥልን ሐፍሳም፣ ያቻትና፣ ጃንጥላዋ ለምን እንደሚያፈስ አንድ ክረምት ሙሉ ስትመራመር ከርማለች። ዛሬም ያንኑ ይዛለች። ሐፍሳ፣ ትንሿ ጃንጥላሽ እኮ አታፈስም፤ ተከፍታ ትዘጋለች።

ሹራቡስ? ለሹራብ መሥሪያ የሱቁ ይወፍራል ብላ፣ ከቡና እንጨት ጠርባ፣ በብርጭቆ ስባሪ አለስልሳ የሠራቻቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ነበሯት። አንድ ቀን ከኮት ሥር የሚለበስ እጅጌ የሌለው ሹራብ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አያለሁ። ጨረሰች። እፎይ አልኩ። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ አገላበጠችው፣ ጫፉን ሳብ አደረገችና ተረተረችው። ለሰባተኛ ጊዜ። ለካ አንዲት የክር ቀለበት ዘላለች።

"ሸዋዬ፣ ከኮት ሥር ነው እኮ፤ ማን ያየዋል?" አልኳት።

"ኮቱን ሲያወልቅስ?"

"አሻንጉሊት ኮቱን ለምን ያወልቃል?"

"ሲሞቀው።"

ሲሞቀው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ተነሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከግድግዳው ወዲያ ስምንተኛውን ስትጀምር እሰማታለሁ፤ ታንጎራጉራለች።

ባለፈው ክረምት ማራናታም መረራት። "አሥራ ሁለቱን መርጬ ልውሰድ፤ የቀሩትን እንደፈቀድሽ አድርጊ" አለች። ምን አጠፋች? ምንም። ሸዋነሽ ግን "ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም" ብላ ቁጭ አለች። ለምን? አትናገርም። እኔ ደግሞ ልረዳት ብዬ ጉድ ሠራሁ። ማራናታ አንዷን ስታይ ሁሉም ያምሯታል ብዬ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ የቆመችውን አንሥቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ወደ ቴፒ ላክኋት። ለረዳቱም አደራ አልኩት።

ሸዋነሽ ከገበያ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መደርደሪያውን አየች።

"አንዷ የለችም" አለች።

"የትኛዋ?" አልኩ፣ የማላውቅ መስዬ።

"አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው። አፏን ከፈት ያደረገችው።"

"እሷማ ቴፒ ገብታለች።"

ነጠላዋን አወለቀች። "በዩ፣ ራስሽን ነው እኮ የላክሽው" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ አረንጓዴ ሹራቤን፣ እጅጌውን አይጥ በላው ብዬ ቤቱን ሁሉ ወጥመድ አጥምጄበት የከረምኩትን ሹራብ፣ አላወቅኩትም። ተከፍቶ የማይዘጋውን አፌን አላወቅኩትም። ራሴን ጠቅልዬ፣ በገዛ እጄ ተሳፈርኩ። ሸዋነሽ አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። እኔን አሥራ አንድ ቀን አለማናገር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በዚያ ሰሞን እናንተ ጋ እየመጣሁ አደንቁሬያችኋለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሬን አንኳኳች። "አርባ አንድ ናቸው" አለችኝ። "አለሙን የቀበርን ቀን የመጡት ናቸው።"

አሁን እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ባሏ መምህር አለሙ ያረፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከማጂ ተዛውረው እዚህ ሚዛን ከገቡ ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ዕድር አልገቡም። ሰው አያውቁም። ዘመድ ቢጠራ በስንት ቀኑ ይደርሳል? ዝናቡ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ሬሳውን ማን ያነሣልኛል ብላ ተቀምጣለች። አቶ ይሄይስ፣ እርስዎ ነዎት "ዕድር ያልገባ ሰው አይቀበርም ወይ?" ብለው ጥሩምባውን ያስነፉት። ሰው ከያለበት መጣ። ቦቲውን እንዳጠለቀ፣ ጆንያዋን ከወገቧ ሳትፈታ። ሐፍሳ ሱቋን ዘግታ መጥታ ጃንጥላዋን ለሸዋነሽ ይዛ፣ ራሷ ስትበሰብስ ዋለች።

"የማንንም ስም አላውቅም ነበር" አለችኝ ሸዋነሽ። "ልብሳቸውን ነው በዓይኔ የያዝኩት። አንድ ሰው ከጎደለ ያ ቀን አይደለም።"

ገባችሁ? ስትቆራርጠን የነበረው ለዚህ ነው። ያን ቀን እንዳይጠፋባት ነው።

ይሄንን ሰምቼ አለቀስኩ። ዓይኔን ጠራርጌ ግን ጠየቅኳት፤ አርባ አንዱም እኮ አልቀዋል፣ ታዲያ ምን ቀረሽ አልኳት። ከመሳቢያዋ አንዲት ልብስ የሌላት አሻንጉሊት አወጣች። አርባ ሁለተኛዋ። እሷ ራሷ። መልሳ ጠቀለለቻትና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ለቅዳሜ ትደርሳለች።"

አልደረሰችም። ክረምቱ አለፈ፣ ቡናው ተለቀመ፣ በጋው አለፈ፣ አሻንጉሊቷ እንዳለች። ማራናታም መደወሏን ተወች። ባለፈው ሳምንት፣ ሕመሙ ሲጠናባት፣ ሸዋነሽ እጄን ያዝ አድርጋ "በዩ፣ ያን ቀን እኔ ምን ለብሼ ነበር?" አለችኝ።

አራት ዓመት። የአርባ አንድ ሰው ልብስ እስከ ገበሩ ታስታውሳለች፣ የራሷን አታስታውስም። ለቅዳሜ፣ ለቅዳሜ ትል የነበረው የምትሰፋው ጠፍቷት ነው። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነበርኩ። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እኔስ ስለፈልፍባት ከምውል አንድ ቀን ዝም ብዬ "ምን ቸገረሽ?" ብላት? ከኪሱም፣ ከእጅጌውም፣ ከአራት ዓመቱ ቅዳሜም ይልቅ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

"የኔን ግራጫ ኮት ነበር የለበስሽው" አልኳት። "በቀሚስ ብቻ ስትወጪ አይቼ አውልቄ አለበስኩሽ። እኔን በሹራብ ብቻ ያየሽኝ ለዚህ ነው። ስጣደፍ ቁልፉን አዛንፌ ቆለፍኩት፤ አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ አንዱ ጎን ወደ ታች ሆኖ ነው ባልሽን የቀበርሽው።"

ሳቀች። አቅም ሳይኖራት ሳቀች። "እንደተዛነፈ ሥሪልኝ" አለች።

ይኸው ኮቱ። ለብሼው ነው የመጣሁት። ጠርዙን እዩት፤ በራሴ መቀስ ነው የቆረጥኩት። ስፌቴ እንደ እሷ አይደለም፣ አንዱ እጅጌ ትንሽ ጠቧል። ሐፍሳ ከሱቋ አምስት ጥቃቅን ቁልፎች መረጠችልኝ። አዛንፌ ቆለፍኩና ከትናንት ወዲያ አልጋዋ ላይ አሻንጉሊቷን እጇ ውስጥ አደረግኩላት። ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። አገላበጠቻት። ክሩን ስባ ትተረትረዋለች ብዬ መርፌዬን አዘጋጀሁ።

አልተረተረችውም። ደረቷ ላይ አድርጋት ተኛች። ትናንት አረፈች።

እኔም ፎቶ አንሥቼ፣ ነገሩን ሁሉ ለማራናታ ጻፍኩላት። ዛሬ ጠዋት የደወለችው ለዚህ ነው። ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ፣ እንደዚያ ቀን አቋቋማቸው ይቆማሉ አለች። ከመውሰዴ በፊት ግን የልብሱ ባለቤቶች ይዩአቸው አለች። እኔንም ከቴፒ፣ ከነጋዜጣዬ፣ ይዛኝ ትመጣለች።

ሸዋዬ፣ እንግዲህ ደህና ሁኚ። መምህር አለሙን ሰላም በይልን። ያን ቀን ከኋላችሁ የቆምነው አርባ አንድ ነበርን፤ ዛሬ ካንቺ ኋላ የቆመውን ልቆጥር ሞክሬ አልቻልኩም፤ እስከ መንገዱ ድረስ ጃንጥላ ነው። አናደሽኛል። ነገ ጠዋት ግድግዳውን መትቼ መልስ ሳጣ ደግሞ ምን ያህል እንደምናደድ እኔ ነኝ የማውቀው። ሂጂ፣ እረፊ። የቀረውን እኛ እንቆልፈዋለን።

እናንተም ስሙኝ። ዛሬ አልቅሱ። አሻንጉሊቶቹን በምናይበት ቀን ግን የሚያለቅስ ሰው ከበር ላይ እመልሰዋለሁ። ኪሱ የተቀደደ ኮት፣ ጥጉ የጎደለ ነጠላ፣ የሚያፈስ ጃንጥላ ያላችሁ ሁሉ፣ እሱኑ ይዛችሁ ኑ። አቶ ይሄይስ፣ ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ። ሸዋነሽ አራት ዓመት ሙሉ የቀጠረችን ቀን ደርሷል፤ በዕድራችን አዳራሽ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ።